ሕመሙ ስም አለው

"ጋሽ ሐጎስ ሞቷል" አለችኝ ሙሉ በስልክ። "ዛሬ አስራ አንድ ቀኑ ነው። ቀብሩ ላይ ስትቀር ረግሜህ ነበር። እንዳልነገሩህ የሰማሁት አሁን ነው።"

የዚያን ዕለት ጠዋት የላቦራቶሪ ፈቃድ ፈተናዬን የመጨረሻ ወረቀት አስረክቤ መመለሴ ነበር። ለንደን ውስጥ፣ የእኛ ሰው በሚበዛበት በሃርልስደን ሰፈር አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ሻይ አፍልተው፣ "እንዴት ነበር? ከበደ እንዴ?" እያሉ ተቀብለውኛል። ሁሉም ያውቁ ነበር። አስራ አንድ ቀን ሙሉ የኮሪደሩ ስልክ በጮኸ ቁጥር እየተሽቀዳደሙ ያነሱት ለካ ለዚህ ነው። ቀብር ሄደው የመጡት ጥቁር ክራባታቸውን ኪሳቸው ከትተው ነው። ስልኩን ዘግቼ ስዞር አንደኛው መሬት መሬት እያየ፣ የማኅበራችንን ሰብሳቢ ስም ጠርቶ፣ "አቶ ወርቁ ናቸው እስኪጨርስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ያሉት" አለኝ። "ላንተ ብለን ነው።"

ላንተ ብለን። ይህችን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ያየሁት ትልቁ በደል "ላንተ ብለን፣ ለእሷ ብለን" እየተባለ የተሠራ ነው። ከሠሩት አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ።

መታመሙን አውቅ ነበር። ጋሽ ሐጎስ እንደ ሌላው ሰው "ትንሽ ብርድ መታኝ" አላለኝም። ቡናውን እያማሰለ፣ "የሳንባ ካንሰር ነው። ስላይዱን አሳዩኝ ብዬ አይቼዋለሁ፤ መጥፎ ነው። ፈተናህ መቼ ነው?" አለኝ። ሆስፒታል ከተኛ በኋላ በየቀኑ ስሄድበት አንድ ቀን ተቆጣ። "እዚህ ተቀምጠህ ብታየኝ ሳንባዬ አይጸዳም። ሂድ አጥና። ስሞት ይነግሩሃል" ብሎ አባረረኝ። አልነገሩኝም።

ጋሽ ሐጎስን ያወቅኩት በደቡብ ለንደን ባለ አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ነው። እኔ ትምህርቴን ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥዬ፣ ከደርግ ሸሽቼ የመጣሁ፣ ወረቀቴ ገና የስደተኛን ጉዳይ በሚያየው መሥሪያ ቤት በሆም ኦፊስ ጠረጴዛ ላይ የተኛ ስደተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ብርጭቆ ማጠብ ነው። እሱ ደግሞ ቆራጭ ነበር። ከሰው አካል የተወሰደች የሥጋ ቅንጣት በሰም ተጋግራ ትመጣለታለች፤ እሱ በማሽን ምላጭ ከፀጉር ቀጭን አድርጎ ይልጣታል፤ ልጡን ለብ ያለ ውሃ ላይ ያንሳፍፋል፤ በስላይድ፣ በስስ የመስታወት ቁራጭ፣ ቀስ ብሎ ያነሳዋል። ከዚያ ይቀለማል። የሴሉ አስኳል ሰማያዊ፣ የቀረው ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ሐኪሞቹ በማይክሮስኮፕ አይተው ሕመሙን የሚሰይሙት ያን ነው።

ኤርትራ ውስጥ የሰገነይቲ ሰው ነው። አዲስ አበባ ተምሮ፣ በጃንሆይ ጊዜ እዚያው የአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። ለንደን የመጣው ለአንድ ዓመት ሥልጠና ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ደርግ መጣ። "ተመለስ" የሚል ደብዳቤ ከኤምባሲው ሦስት ጊዜ ደረሰው፤ አብረውት መጥተው ከተመለሱት ጓደኞቹ ግን አንድም ደብዳቤ ሳይደርሰው ሲቀር እሱም ቀረ። ኃላፊ የነበረ ሰው፣ የእሱን ግማሽ የማያውቁ ልጆች ሥር ቆራጭ ሆኖ ኖረ። ስለዚህ ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም። የሚያናድደው ሌላ ነገር ነበር።

አንድ ልማድ ነበረው። እያንዳንዱን የሰም ብሎክ ማሽኑ ላይ ከማሰሩ በፊት ከቅጹ ላይ ስሙን ጮክ ብሎ ያነብና በአማርኛ ሰላም ይለዋል። "ሚስስ ዶሪን፣ እንደምን አደርሽ።" "ሚስተር ፓቴል፣ እንደምን አደርክ።" እንግሊዞቹ የሚጸልይ ይመስላቸው ነበር። እኔም ስቄበታለሁ። "ምን ያስቅሃል?" አለኝ አንድ ቀን። "ይሄ ሰም አይደለም፤ ሰው ነው። ስሙን ሳትጠራ ቢላ የምታነሳበት ሥጋ ቤት ውስጥ አይደለህም።" ቁጣው ለጉድ ነበር። ልጡ ተጨማድዶ ካየ ስላይዱን ቅርጫት ውስጥ ወርውሮ፣ "ሴትየዋ ሁለተኛ ጡት ቆርጣ እንድትልክልህ ነው?" ይለኛል። አፉ ምላጭ ነበር።

ከሁሉ የሚያንጨረጭረው ግን የቀብር ንግግር ነው። የእኛ ሰው ሲሞት ሃርልስደን በተከራየነው አዳራሽ የሕይወት ታሪክ ይነበባል፤ "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው" የምትለዋ ጋ ሲደረስ ጋሽ ሐጎስ ከኋላ ወንበር፣ ሰው እስኪዞር ድረስ፣ "ሕመሙ ስም የለውም?" ይላል። "እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ስም አለው። ስሙን ብትነግሩን ኖሮ እዚህ ከተቀመጡት መካከል አንዱ ነገ ሄዶ ይመረመር ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትላላችሁ፤ ራሳችሁ ትደብቃላችሁ።" ሰዉ ይጠላው ነበር ማለት ይቻላል። መርዶ ነጋሪ ይሉታል።

ለምን እንዲህ እንደሆነ የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲነግረኝም እያየኝ አልነበረም፣ ምላጭ እየወለወለ ነበር። እናቱ መጻፍ አይችሉም። ደብዳቤ የሚጽፍላቸው የሰፈሩ ዲያቆን ነው፤ እሳቸው ግን የእኔ መሆኑን ልጄ ይወቅ ብለው መጨረሻው ላይ በአውራ ጣታቸው ያትማሉ። አውራ ጣታቸውን በልጅነታቸው ማጭድ ቆርጧቸው ስለነበር አሻራው መካከል ላይ ነጭ መስመር ይወጣል። ጋሽ ሐጎስ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በሰው በሰው መድኃኒት ይልክላቸዋል፤ "ጉልበቴ ተሽሎኛል፣ ተባረክ" የሚል መልስ ይመጣል። አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ደብዳቤውን ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገው። እንዲሁ ናፍቆት ነው። መስመሩ የለም። ያለፉትን ደብዳቤዎች አምጥቶ አንድ በአንድ አያቸው። ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ነው መስመሩን ያገኘው።

"የእህቴ ጣት ነው" አለኝ። "ሦስት ዓመት የሞተች ሴት ጉልበት ሳክም ነበር። ስጽፍላት ምን ብላ መለሰች? በስደት ብቻህን ሆነህ እንዳታዝን፣ ላንተ ብለን ነው። ላለቅስባቸው የሚገባኝን ሦስት ዓመት ሰረቁኝ።"

ይህን ሁሉ ሰምቼ ነው እንግዲህ እኔ ያደረግኩትን ያደረግኩት።

አንድ ቀን ከላይ ከሴቶች ክሊኒክ ተደወለ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ምድር ቤት አለ ሲባል ሰምተው ነው። አለቃችን ሚስተር ኮል ሂድ አስተርጉም ብሎ ላከኝ። ገብቼ ያገኘኋት ሙሉን ነው። ሙሉ ገብሬን ሃርልስደን የማያውቃት አልነበረም። ባሏን አዲስ አበባ ከቤቱ ወስደውት ሳይመለስ የቀረባት፣ በሱዳን አድርጋ ብቻዋን የመጣች፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በጽዳት የምትሠራ ሴት ናት። ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። ያላት ዘመድ ካርቱም የቀረች እህቷ ብቻ ነች። ከኮቷ ሥር የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነበር፤ ሺፍቷ ላይ ለመድረስ ቸኩላለች።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ከማሕፀኗ በር ላይ የተወሰዱት ሴሎች ተበላሽተዋል፤ ወደ ካንሰር እየሄዱ ናቸው፤ ግን ገና ሥር አልሰደዱም። አሁን ትንሽ ቆርጠን ብናወጣ ትድናለች፣ መውለድም ትችላለች። ዝም ከተባለ ይገድላታል። ሁሉንም ንገራት አለኝ።

"ምን አለ?" አለችኝ ሙሉ።

"ትንሽ ቁስል አለ ነው የሚለው። ትንሽ ኦፕራሲዮን ቢጤ ያስፈልገዋል።"

"ይቸኩላል?"

"ብዙም አይደለም።"

ሐኪሙ ገባት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ገብቷታል አልኩት።

አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻዋን ነበረች፤ ያንን ቃል ሰምታ ወዴት ትሂድ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ከርሜያለሁ። ውሸት ነው። ፊቷን ማየት ፈርቼ ነው። በማግስቱ የማኅበራችን ሰብሳቢ ወደሆኑት ወደ አቶ ወርቁ ሄጄ ነገርኳቸው። "ደግ አደረግህ ልጄ" አሉኝ። "እኛ አገር ብቸኛ ሰው ላይ መርዶ አይወርድም። እህቷ ቪዛ ልታገኝ ነው። እሷ ስትመጣ፣ ሰብሰብ ብለን፣ ቄስ ይዘን እንነግራታለን። እስከዚያው ሆድ ይፍጀው።"

የእህቷ ቪዛ አልመጣም። የሆስፒታሉ ቀጠሮ ግን መጣ። ሙሉ ወረቀቱን ይዛ መጥታ፣ "አዲስ ሱፐርቫይዘር መጥቶብናል፤ አሁን ሺፍት ካጎደልኩ ያባርረኛል። ትንሽ ቁስል አይደል? እስቲ ደውልና ፖስትፖን አድርግልኝ" አለችኝ። ደወልኩ። በሌላ ጊዜም መጣች፤ እንደገና ደውዬ ቀጠሮውን አራዘምኩላት። በዚህ መካከል ከአቶ ወርቁ ቤት ወሬው ወጥቶ፣ አፉን ከሚፈሩት ከጋሽ ሐጎስ በስተቀር ሃርልስደን ሁሉ አውቋል። ሴቶቹ ወጥ ሠርተው ይወስዱላታል፤ በቤተ ክርስቲያን ሲያገኟት አቅፈው ቶሎ አይለቋትም። እሷ ደግሞ፣ "ሰዉ ዘንድሮ ምን ነካው? ደግ ሆነብኝ እኮ" ትለኝ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰባት ወር እንዲህ ሆነ።

ከዚያ ደም ፈሰሳት፤ ሂትሮው ሽንት ቤት ስታጸዳ ወድቃ ፋይሏ ወዳለበት ወደ እኛ ሆስፒታል አመጧት። ከእሷ የተወሰደው ናሙና በሰም ተጋግሮ ጋሽ ሐጎስ ማሽን አጠገብ ደረሰ። እኔ ከኋላው ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር።

"ሙሉ ገብሬ፣ እንደምን አደርሽ" ሲል ሰማሁት። ቅጹን ደግሞ አነበበው። "የእኛ ሰው ናት" አለ።

ቆርጦ፣ ቀልሞ፣ ራሱ አየው። ተነስቶ ከመዝገብ ቤት የበፊቱን፣ ሌላ ሰው የቆረጠውን ስላይድ ፈልጎ አመጣ። ሁለቱን እያፈራረቀ ሲያይ ቆየና ጠራኝ። "ይቺን መስመር አየሃት? አጥር በላት። የዛሬ ሰባት ወር እነዚህ ክፉዎቹ ሴሎች ከአጥሩ ወዲህ ነበሩ። አሁን ይሄኛውን እይ።" አየሁ። ሰማያዊዎቹ አስኳሎች ዘለላ ዘለላ እየሆኑ አጥሩን አልፈዋል። "ገና ጥቂት ናቸው። ግን ዘለዋል። ሰባት ወር ይቺ ሴት የት ነበረች?"

ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም።

"ምን ብለህ አስተረጎምክላት?"

"ትንሽ ቁስል ብዬ።"

"ለሐኪሙስ?"

"ገብቷታል ብዬ።"

መነጽሩን አውልቆ በጋዎኑ ጫፍ ጠረገ። "የእናቴን ነገር ነግሬሃለሁ አይደል? አንተም እንደ እህቴ ነህ። በዚህች ሴት ፋንታ ጣትህን አተምክ" አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ እስኪነግራት እንጠብቅ አልኩት። የላቦራቶሪ ሰው የሚናገረው በወረቀት ብቻ ነው፤ ለታካሚ በአፉ ከተነፈሰ ሥራውን ያጣል። ይህ የሚስተር ኮል የመጀመሪያ ሕግ ነበር። "ሐኪሙ ሲጠራትስ ማን ሊያስተረጉም ነው? አንተ?" አለኝ ጋሽ ሐጎስ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሃርልስደን እሷ ክፍል ሄድን። የሂትሮውን ልብሷን እየተኮሰች ነበር። ጋሽ ሐጎስ አልተቀመጠም። መንገድ ላይ፣ "የምትነግራት አንተ ነህ፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ" ብሎኝ ነበር። ትንሽ ጠበቀኝና ትቶኝ ወደ እሷ ዞረ።

"ሙሉ፣ ያለብሽ ካንሰር ነው። የማሕፀን በር ካንሰር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ገና አልራቀም፤ ከቸኮልሽ ትድኛለሽ። ነገ ጠዋት ሥራ አትገቢም፤ ሆስፒታል ትሄጃለሽ፤ እኔ እወስድሻለሁ።"

ካውያውን አቁማ እኔን አየችኝ። "አንተ ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"ሌላ ማን ያውቃል?"

ሴቶቹ ያመጡላት የወጥ ሳህኖች ታጥበው መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል፤ እነሱን አየች፤ ገባት። የቀረውን እጅጌ ተኩሳ ጨርሳ ልብሱን አጠፈችው። "ነገ በስንት ሰዓት?" አለችው ጋሽ ሐጎስን። እኔን፣ "አንተ ውጣልኝ" አለችኝ።

ዳነች። ማሕፀኗን ግን ሙሉ በሙሉ አወጡት። ሰባት ወር ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ የጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ ነበር የሚወስዱባት። አንድ ልጅ ወልጄ የባሌን አባት ስም አወጣለታለሁ ትል የነበረች ሴት ናት።

የማኅበራችን ሰዎች ምን አደረጉ? አፈሩ? ጋሽ ሐጎስን አወገዙት። በብቸኛ ሴት ላይ፣ ያለ ዘመድ፣ ያለ ቄስ መርዶ ያፈሰሰ ጨካኝ ተባለ። አንድ ሰው የሆስፒታሉን ሕግ አጣርቶ፣ ሠራተኛችሁ የታካሚ ምስጢር ያወጣል ብሎ ኮምፕሌን ጻፈ። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ይህንንም ለእኔ ብለው ይሆናል።

የሆስፒታሉ ኃላፊዎች ስብሰባ ተቀመጡበት። እኔም ተጠራሁ። ሚስተር ኮል ከሰባት ወር በፊት ክሊኒኩ ውስጥ ለሴትየዋ በትክክል ተነግሯት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጋሽ ሐጎስ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። አልተነገራትም ብል ጥፋቱ ወደ እኔ ይዞራል፤ ሥራዬን አጣለሁ፤ ሆም ኦፊስ ያለው ወረቀቴም አብሮ የሚበላሽ መሰለኝ። "ተነግሯታል" አልኩ። እንግዲያው በእሱ በኩል ለመናገር ምክንያት አልነበረም ማለት ነው አሉና በዚያው ሳምንት አባረሩት። እኔን ለማጋለጥ አንድ ቃል ይበቃው ነበር። አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል በሚባለው ሰፈር የመኪና ማቆሚያ ዘበኛ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገበያ ማዕከሉ ቡና ቤት ይጠራኝና፣ ካሰባሰባቸው አሮጌ ስላይዶች አንድ ሣጥን ይዞ እየመጣ ወደ መብራቱ እያስነሳ ያስተምረኛል። የፈቃድ ፈተናውን የምፈተን ሰው ያደረገኝ እሱ ነው። ሙሉ እኔን ሁለት ዓመት አላናገረችኝም፤ ለእሱ ግን ከሂትሮው እስከ ዘበኛ ቤቱ ምሳ በሣህን ታመጣለት ነበር። አንድ ቅዳሜ ድፍረት አግኝቼ፣ "ለምን ዝም አልክልኝ?" አልኩት።

"አንተ ብትባረር የሙሉ ማሕፀን ይመለሳል?" አለኝ። "እኔ መናገር የነበረብኝን ተናግሬያለሁ። ያንተን አንተው ትናገራለህ። ድርሻህን አልነካብህም።" ቀጥሎ ስላይዱን ሰጠኝና፣ "ይሄ ምንድን ነው? ተናገር" አለኝ።

ፈተናውን በጨረስኩ በሳምንቱ አቶ ወርቁ ደወሉልኝ። ለአርባው የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፤ የተማርክ ነህ፣ አብረኸውም ሠርተሃል፣ አንተ አስተካክለህ ጻፈው አሉኝ። ረቂቁን በሰው ላኩልኝ። "አቶ ሐጎስ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ለረጅም ዓመታት በትጋት አገልግለው በገዛ ፈቃዳቸው ሥራቸውን የለቀቁ ሲሆን፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው" ይላል። እሱ በሕይወቱ ሙሉ የተጣላት ዓረፍተ ነገር መጥታ እላዩ ላይ ቁጭ ብላለች። ቀድጄ ጣልኩት።

በአዲስ ወረቀት ላይ ሐጎስ የሞተው በሳንባ ካንሰር ነው ብዬ ጀመርኩ። ከሥራ የተባረረው እውነት በመናገሩ ነው ብዬ ቀጠልኩ። እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ፤ የማንን እውነት የሚለው ይመጣል። አዳራሹ ውስጥ ሃርልስደን ሁሉ ይቀመጣል። ለሙሉ ደወልኩላት።

"ያደረገውን ሁሉ ልጽፍ ነው" አልኳት። "ስምሽን ልተወው? አንዲት ሴት ብዬ ላልፈው እችላለሁ። ለአንቺ ብዬ ነው..."

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። እሷም ሰማችው።

"እሱ ስሜን ሳይጠራ ቆርጦኛል?" አለችኝ። "ሙሉ ብለህ ጻፍ። የአባቴንም ስም ጨምር። የሕመሜንም ስም ጻፍ።"

ሙሉ ገብሬ፣ የማሕፀን በር ካንሰር ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሰባት ወር የደበቃት ማን እንደሆነ የሚነገርበት ቦታ መጣ። ከስሟ ቀጥሎ የራሴን ስም ጻፍኩ።